ኤንትሬው ሲታመም

ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ጎረቤት መጥቶ ይጠይቃል። መኪና ሲታመም ግን ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ያክማል። ይህን የተማርኩት እዚሁ ቡታጅራ፣ ግቢዬ ውስጥ ቆሜ፣ የባለቤቴ አሮጌ ኤንትሬ ሞተሩ ታድሶ ካለቀ በኋላ ነው። ታድሶ ካለቀ በኋላ ማለቴን ልብ በሉልኝ። ከመታደሱ በፊትማ ሰላም ነበርን። ዓመታት ሙሉ ከግቢው ጥግ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ ዶሮዎቼ ጋቢናው ውስጥ እንቁላል ይጥሉ ነበር፤ እኔም የታጠበ ልብስ የጭነቱ ጎን፣ ስፖንዳው ላይ አሰጣ ነበር። እንደ ቆመ መኪና የሚመች የቤት ዕቃ የለም። ሰው አይገጭም፣ ገደል አይገባም።

ኤንትሬን ለማታውቁ ልጆች፣ ጣሊያን ሰራሽ ትልቅ የጭነት መኪና ነው። ፊቱ እንደ ቁም ሳጥን ጠፍጣፋ ነው፤ ዳገት ሲወጣ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ድሮ መንገዱ ሁሉ የእሱ ነበር። ዛሬ የቀሩት እንደኛው በየሰው ግቢ ጡረታ የወጡት ናቸው።

ባለቤቴ ሸሪፍ ጉልበቱን የጨረሰው በእሱ ላይ ነው። ስኳር ዓይኑን ሲወስድበት መሪውን ለቀቀ፤ መኪናውን ግን አልለቀቀም። ጠዋት ከሶላት በኋላ በከዘራው እየተመራ ይሄድና ጎማውን፣ በሩን፣ የፊት መብራቱን በእጁ ይዳብሳል። ላም ያለው ሰው እንኳ ላሙን እንዲህ ደህና አደርሽ አይላትም። ወንድሙ ሸምሱ ደግሞ ቤታችን በመጣ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ መኪናው ይዞራል።

«አሰላሙ አለይኩም። ይሄ ብረት አሁንም አለ?»

«ወአለይኩም ሰላም። የት ይሄዳል ብለህ ነው?» ይለዋል ሸሪፍ።

«የብረት ነጋዴዎቹን ላምጣልህ። ቆራርጠው በአንድ ቀን ይገላግሉሃል።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ከሸምሱ ጋር ነበርኩ። በሆዴ ብቻ ሳይሆን በአፌም ብዬዋለሁ፤ ይሸጥ፣ ይሂድልን ብያለሁ። እኔ ቢላዋ እንኳ ስለቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ሳይሆን ሊያፈስ ይችል ይሆናል ብዬ እንቅልፍ የማጣ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ግቢ ውስጥ ያን የሚያክል ብረት ማስቀመጥ ግፍ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ሀያት ናት። አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ትንፋሽ ሳትወስድ የምትከራከር፣ ያየችውን ነገር ሁሉ ውስጡን ካላየች የማትተኛ። አንድ ቀን ሸምሱ የተለመደውን ብሎ ሲወጣ አባቷ ሄዶ የመኪናውን ጎማ ተደግፎ ተቀመጠ።  እሷም ከአጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «አባ፣ አንተ ንገረኝ፤ እኔ እፈታዋለሁ» አለችው።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን አውልቃ የአባቷን አሮጌ ቱታ ለብሳ፣ እጀታውን ጠቅልላ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ወጣች። በጋውን ሙሉ ሁለቱ ከዚያ መኪና ሥር አልወጡም። እሷ ትፈታለች፤ እሱ በጣቶቹ ያያል። አንዱን ብረት ይቀበልና ይዳብሳል፣ ያሸታል፣ በጥፍሩ ይፍቃል። «ይቺ ጎኗ ተልጣለች፤ የሁለተኛው ቤት ፒስተን ናት» ይላል። እሷ በጠመኔ ቁጥር ትጽፍባታለች። ከባድ ነገር ሲነሳ ድሮ የሸሪፍ ረዳት የነበረው፣ አሁን ሚኒባስ የሚነዳው ከድር ይመጣል። ቴስታታ የሚሉትን የሞተሩን ክዳን በሰንሰለት ዛፉ ላይ አንጠልጥለው ሲያወርዱ እኔ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ውድቀቱን ካላየሁት አይወድቅም በሚል ነው። አልወደቀምም፤ ስለዚህ ብልሃቱ ይሠራል።

እኔም ግን ቁጭ አላልኩም። ሞተር ማለት ለካ ቀዳዳ ብቻ ነው። የትም ቀዳዳ፣ የትም ክፍት አፍ። አቧራው፣ አይጡ፣ ዶሮው! ማታ ማታ ሁለቱ ሲነሱ እኔ በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ፣ እየዞርኩ እሸፍናለሁ። ከቆጮ ጋር ያደገች ሴት የተከፈተ ነገር አይታ ዝም ማለት አትችልም። ጠዋት ሀያት አንድ በአንድ ታነሳዋለች። «እማ፣ ሞተሩን ቅቤ አስመሰልሽው» እያለች ትስቃለች።

ሞተሩ ተገጥሞ ያለቀ ዕለት ሸምሱ መጣ። ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ጥሩ ታጥቧል» አለ። ቀጥሎም፣ «ግን ሴት ልጅ የገጠመችው ሞተር ከዚህ በር አይወጣም» አለ።

ሸሪፍ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። «ለአረፋ እናቴ ደጅ ድረስ ይዞን ይወጣል። ከወጣ ስለ ሽያጭ አታነሳብኝም። ካልወጣ ሰዎችህን አምጣ፤ እኔም ስሙን ሁለተኛ አልጠራም።»

እናቱ የሚኖሩት ወደ አረቅጥ በሚወጣው መንገድ ተራራው ላይ ነው። ያን ዳገት አዳዲሶቹም እያቃሰቱ ነው የሚወጡት። ሀያት አባቷን አየች፣ አጎቷን አየች፣ ከዚያ ጥቁር ዘይት የነካውን እጇን ቱታዋ ላይ ጠረገች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የብረት መሆኑ እንደቀረ የገባኝ። መኪናው ካልወጣ የሚቆራረጠው ብረቱ ብቻ አይሆንም።

ሲነሳ ተነሳ። ይህንማ ማንም ሊክደው አይችልም። ከድር ቁልፉን ሲያዞር መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ሳለ፤ ከዚያ ነጭ ጭስ ተፋ፤ የጎረቤት ፍየል ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ሸሪፍ እጁን ሞተሩ ላይ ጭኖ ቆመ። ሀያት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ግቢው ውስጥ ረጅም ሰዓት ጨዋ ሆኖ ሠራ። በማግስቱ ከግቢ ሲወጣ ከከተማው ጫፍ ትንሽ አለፍ እንዳለ ሞተ።

ሕክምናው ከዚህ ይጀምራል።

ሸሪፍ መኪና በነዳበት ዘመኑ የማትሻር አንድ ሕግ ነበረችው፤ መኪና ሲቆም ምንም ከመንካት በፊት ናፍጣ ይታያል። የናፍጣ መለኪያው ከተገዛ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። ሹፌር ሞተር ፈትቶ ፈትቶ መጨረሻ ላይ ናፍጣ አልቆበት ከተገኘ አገር ይስቅበታል ይላል። ስለዚህ ማንም ይምጣ ማን፣ መጀመሪያ የናፍጣ በርሜሉ ተከፍቶ እንጨት ተነክሮ ይታያል። ናፍጣ አለ። ሁልጊዜ አለ።

ከድር ናፍጣውን አየ፤ ከዚያ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። «አየር ገብቶበታል» አለ። «ናፍጣው በሚመጣበት ቱቦ አየር ከገባ ይሞታል። የዚህ ሞተር ጠላቱ አየር ነው፣ እትዬ።» እውነትም ቱቦው ላይ አንድ የላላ ቡሎን አገኘ፤ አጠበቀው፤ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣ፤ ተነሳ።

እኔ ደግሞ «ጠላቱ አየር ነው» የምትለዋን ሰማሁ። ከዚያ በፊት ስለ ሞተር ከሚወራው አንድም ነገር ገብቶኝ አያውቅም ነበር። ይቺ ግን ገባችኝ። አየርማ የኔ ትምህርት ነው። እኔ ከመደበኛው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ላይ ብወጣም ከቆጮ ጉድጓድ ወጥቼ አላውቅም። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር ዙሪያውን ኮባ ይነጠፍለታል፣ ከላይም በኮባ ላይ ኮባ ተደራርቦ ይታፈናል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። የጣት ያህል ክፍተት ካገኘ አየር ገብቶ ያጠቁረዋል። የሴት ልጅ ሙያ በዚህ ነው የሚለካው። አማቴም የኔን ሙያ ሲለኩ ኖረዋል። ከተሞሸርኩበት ዓመት ጀምሮ በየአረፋው ስንወጣ እኔ ያፈንኩት ጉድጓድ ጋ ይሄዳሉ፤ አውራ ጣታቸውን ኮባው ላይ ይጫናሉ፤ ጭንቅላታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ከዚያ፣ «ይተነፍሳል» ይላሉ። ሌላ ቃል የላቸውም። ልጆች ወልጄ፣ ጥርሴ ሳስቶ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ዛሬም «ይተነፍሳል» ነኝ።

ታዲያ የዚያን ዕለት ማታ መብራት ይዤ መኪናውን ዞርኩት። አየር የሚገባበትን ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። የናፍጣው በርሜል ክዳን መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። በሚስማር የተበሳች ትመስላለች። ከድር ረዳት በነበረ ጊዜ በልጅነቱ የሠራው ጥፋት መሰለኝ። አሁን ባለ ትዳር ነው፤ የድሮ ጥፋቱን በሰው ፊት ማንሳት ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኮባ ቆረጥኩ፣ እሳት አስነካሁት፣ ለስለስ ሲል አጥፌ አጥፌ የበርሜሉ አፍ ላይ አደረግሁ፤ በቃጫ ዙሪያውን ጠፈርኩ፤ ከላይ የብረት ክዳኑን አጠበቅሁበት። በእጄ ተጫንኩት። ምንም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ሞተ።

ከድር በርሜሉን ሊከፍት ሲል ቋጠሮው አስቸገረው። «ምንድነው ይሄ ሁሉ፣ እትዬ?»

«ምንም እንዳይገባበት ነው።»

«ጎበዝ። አቧራ ለናፍጣ ጥሩ አይደለም» አለና ፈታው። ናፍጣ አለ። እንደገና አየር አስወጣሁ ብሎ ፓምፑን ሲገፋ ቆየ፤ ሲያስነሳው ተነሳ። «አላልኩም? አየር ነው።»

«እንግዲያስ አሁንም የሚገባ አለ» አልኩ በሆዴ። ያን ዕለት ኮባውን ሁለት እጥፍ አደረግሁት።

ቀጥሎ የደረሱት ጎረቤታችን መምህር ደሳለኝ ናቸው። ከጎጃም መጥተው ሰፈራችን የቆዩ፣ ፊዚክስ የሚያስተምሩ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት ያላቸው ደግ ሰው ናቸው። መኪናው ገበያው አጠገብ ሞቶ ስንገፋው አዩና ኮታቸውን አውልቀው ገቡ። «በመጀመሪያ ናፍጣውን እንመልከት» አሉ፤ ሕጋችን ሰፈሩ ውስጥ ተዳርሷል። ከፈቱ፣ አለ። «ሙቀት ነው» አሉ። ፓምፑን እርጥብ ጆንያ አልብሰው አስነሱት። ተነሳ። ጆንያውን እንደ ሕፃን እያስተካከሉ፣ «ይሄ እንግዲህ ሳይንስ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጆንያው ከሞተሩ ላይ ወርዶ አያውቅም።

ከዚያ ሸምሱ መጣ፤ የሰው ዓይን ነው አለ። ናፍጣው ታይቶ፣ ቁርዓን ተቀርቶ ሲያስነሱት ተነሳ። ጎማ የሚጠግነው ልጅ በመዶሻ በርሜሉን መታ መታ አድርጉት አለ፤ ናፍጣው ታይቶ ሲመታ ተነሳ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ሁሉም መድኃኒት የሚሠራበት በሽተኛ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ያድነዋል፤ እሱ ግን በነጋታው ይታመማል።

መምህር ደሳለኝ አንድ ቀን ስለ ተራራው ሲያስረዱን፣ «ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ አየር ያንሰዋል» አሉ።

ግራ ገባኝ። «መምህር፣ ይሄ ሞተር አየር ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም?»

«ሁለቱም ነው» አሉኝ።

ከተማረ ሰው ጋር መነጋገር እንዲህ ነው ብዬ ወደ ኮባዬ ተመለስኩ። በዚያ ሰሞን ኮባው ሦስት እጥፍ ደርሷል።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። መኪናው በቆመ ቁጥር ዓይን ሁሉ የሚዞረው ወደ ሀያት ነው። «የልጅቷ ሞተር» ብለው ስም አወጡለት። ትምህርት ቤት ደግሞ እሷን «ጓርኒሲዮን» ብለው ጠሯት፤ በሞተሩና በክዳኑ መሀል የሚገባው ስስ ነገር ነው፣ እሷም ቀጭን ናት። መጀመሪያ ስቃ ትመልስ ነበር። በኋላ መሳቁን ተወችው። እራት ስታቀርብ እጇን እያየች ትቀራለች።

አንድ ምሽት ልብስ ሳጥፍ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «እማ፣ የሦስተኛውን ቤት ቡሎኖች በትክክል ያጠበቅኩ አይመስለኝም።»

«አባትሽ በእጁ አይቶት የለ?»

«አባ የሚያየው እኔ የነገርኩትን ነው። የተሳሳተ ነግሬው ከሆነስ?» አንድ ሸሚዝ አንስታ ማጠፍ ጀመረችና፣ «እንደገና ልፍታው ወይ እያልኩ ነው» አለች።

አረፋ ደጅ ላይ ነው። ሞተር ለመፍታት ጊዜ የለም። እኔም ያ መኪና ተሸጦ እንዲሄድ ስመኝ የኖርኩ ሴት፣ ያን ምሽት በልቤ፣ «ያ ረቢ፣ ይህን ብረት ተራራው ላይ አውጣልኝ» አልኩ። ዱዓ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውም የሚችለውን ማድረግ አለበት ብዬ ደግሞ ሄጄ ቃጫውን አጠበቅሁ።

የአረፋ ዋዜማ ጠዋት ተነሳን። ከድር መሪ ላይ፣ ሸሪፍና ሀያት ጋቢናው ውስጥ፤ እኔና ሸምሱ ከበጉና ከዕቃው ጋር ከኋላ። ሸምሱ የመጣው በዓሉን ለማክበር ነው ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ መኪናው ሲሞት ለማየት ነው። ገና ሳንጓዝ ከጎማው ኋላ የማደርገውን ድንጋይ መርጬ እግሬ ሥር አስቀምጫለሁ። ቁልቁል የሚንሸራተት መኪና በሕልሜ ያላየሁበት ሳምንት የለም።

ዳገቱ ሲጀምር ወደ ታች ላለማየት በጉን አቀፍኩ። በጉም እንደኔ ፈሪ ነበር፤ ተግባባን። ከመታጠፊያዎቹ አንዱ ላይ ሞተሩ ጉሮሮውን እንደታነቀ ሰው ኽር ኽር አለና ዝም አለ። ዘልዬ ወርጄ ድንጋዩን ጎማው ሥር አደረግሁ። ናፍጣ ታየ፤ አለ፤ እኔም እንደ ልማዴ ኮባዬን መልሼ አሰርኩ። ከድር ቡሎን ነካ፤ ተነሳ። ትንሽ ወጣን፤ ሞተ። ድንጋይ። ናፍጣ። ቡሎን። ተነሳ። ትንሽ ወጣን። ሸምሱ ስልኩን አውጥቶ አንድ እግሩን ስፖንዳው ላይ ጭኖ ማውራት ጀመረ። «አዎ፣ ከበዓሉ በኋላ። አዎ፣ መቁረጫውንም ያዙ። የለም፣ እዚያው ተራራው ላይ ታገኙታላችሁ» ይላል።

ሀያት ይህን ሁሉ ትሰማለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስንቆም ከጋቢናው ወርዳ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አልተነሳችም። አባቷ በመስኮቱ፣ «ሀያት፣ ናፍጣውን እዪ» አላት። ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። «ሀያት?»

የከድር ሁለት እጅ ሞተሩ ውስጥ ነው። «እትዬ፣ እስኪ አንቺ እዪው» አለኝ።

ልብ በሉ፤ እስከዚያ ቀን እኔ የናፍጣውን በርሜል እዘጋለሁ እንጂ መኪናው በሞተበት ሰዓት ከፍቼው አላውቅም። የሚከፍቱት ሌሎች ናቸው። የብረት ክዳኑን አነሳሁ፤ ኮባዬን አየሁት፤ ደነገጥኩ።

ኮባው ወደ ውስጥ ገብቷል። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ከረሜላ ሲመጥ ጉንጩ እንደሚሰረጉደው ሰርጉዷል። እኔ ኮባ አውቃለሁ። ቆጮ ሲብላላ በደንብ የታፈነ ኮባ ወደ ላይ ይነፋል፣ እንደ እርጉዝ ሆድ ይወጠራል። ወደ ውስጥ የሚጎተት ኮባ ግን በዘመኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ከውስጥ ሆኖ ይስበዋል። ቃጫውን ፈታሁ። በርሜሉ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው አንድ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ፤ የቆርቆሮ ሆዱ ዷ አለ።

እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። ከጠርሙስ ውኃ ሲጠጣ አፍን ሳያነሱ መምጠጥ እንደማይቻል ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሞተሩ ናፍጣውን ሲመጥ በምትኩ አየር የሚገባባት ያቺ የክዳኑ ቀዳዳ ኖራለች። ከድር የበሳት አይደለችም። ሠሪዎቹ አስበውባት የተዉአት ናት። ናፍጣ ለማየት በተከፈተ ቁጥር በርሜሉ አንድ ትንፋሽ ያገኛል፤ በዚያች ትንፋሽ ትንሽ ይሄዳል፤ ከዚያ የኔ ሙያ አንቆ ያቆመዋል። ከድርም፣ መምህሩም፣ ቁርዓን የቀራውም፣ መዶሻ ያነሳውም ሁሉም ያዳኑት ክዳን በመክፈት ነው። ሸሪፍ ዓይን ቢኖረው በመጀመሪያው ቀን ያየው ነበር። ግን ስለ ኮባ ለሹፌር ማን ይነግራል? የሴት ነገር ነው ብለን ሁላችንም አልፈነዋል።

ቀና ብዬ አየሁ። ማንም አላየኝም። ኮባውን እንደታጠፈ፣ ከነቃጫው፣ ሻርፔ ሥር ደበቅሁት። የብረት ክዳኑን ብቻ፣ ቀዳዳዋ ወደ ሰማይ እንዳየች፣ መልሼ ዘጋሁ።

«ናፍጣ አለ» አልኩ። 

ተነሳ። አንዱን መታጠፊያ አለፍን። ድንጋዬን እንደያዝኩ ነኝ። ሌላውን አለፍን። እንሰቶቹ በሁለቱ በኩል ወደ ታች ይሄዳሉ፤ ጉሙ መጣ፣ ሄደ፤ ኤንትሬው ያን ድሮ የማውቀውን ድምፅ እያሰማ ይወጣል። ሸምሱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ኮባ ደረቴ ላይ ይዤ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ማንም ማወቅ የለበትም። ወጣን፣ አለቀ። ማን ይጠይቀኛል?

አማቴ ደጅ ስንደርስ ድምፁን የሰማ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ልጆች መኪናው ላይ ተንጠለጠሉ። ሸሪፍ ከጋቢናው ወርዶ እናቱን በድምፃቸው ፈልጎ አቀፋቸው። ደስታ ነው። ሸምሱ ግን ዝም ብሎ የሚሸነፍ ሰው አይደለም።

«ከድር ነው» አለ ለተሰበሰበው ሰው። «ልጅቷ ያበላሸችውን መንገድ ላይ አስተካከለው። ሙያ ማለት እንዲህ ነው።»

ከድር እፍር አለ። «አይ፣ አንዲት ቡሎን ነበረች» አለ።

«እጅህ ይባረክ» አለው ሸሪፍ።

ሀያት ከሰው ጋር አብራ ፈገግ አለች። ከዚያ ከድርን ሸሚዙን ሳብ አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የትኛዋ ቡሎን ናት? ሁለተኛ እንዳልሳሳት ንገረኝ» አለችው።

ይህን ባልሰማ ኖሮ እስከ ዛሬም ኮባው ሻርፔ ሥር ነበር።

«ቡሎን አይደለም» አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ደግሜ አልኩት። ከዚያ ኮባውን አውጥቼ በሰው መሀል ያዝኩት። ናፍጣው በእጄ ላይ ይንጠባጠባል። «ይሄ ነው። የናፍጣው በርሜል ላይ እኔ አስሬው ነው።»

 በጉ ብቻ ጮኸ።

ሸሪፍ ወደ ድምፄ ዞረ። «ክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳስ?»

«እሷኑ ነው የደፈንኩት።»

«ለምን?»

«አየር እንዳይገባ።»

ፊቱ ላይ ምን እንደሚመጣ ሳይ ቆየሁ። «ይሸጥ ስትዪ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አጥብቄ አስረው ነበር?» አልኩት። «ላድነው ብዬ ነው።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ካጣ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም፤ ከዘራውን ተደግፎ፣ እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። ከድር ራሱን ያዘ። ሸምሱ ወደ ኮባው፣ ወደ መኪናው፣ እንደገና ወደ ኮባው አየ፤ ከዚያ ስልኩን ይዞ ከሰዉ ወጣ አለ።

ሀያት እፊቴ መጥታ ቆመች። «እማ፣ ታዲያ ሞተሩ?»

«ሞተሩማ ምን ሆነ? ያቺ የቱቦ ቡሎን ከጠበቀች ወዲህ ምንም አልሆነም። አንቺ የሠራሽውን እኔ ነኝ ሳንቅ የከረምኩት።»

እጆቿን አየች። ጥፍሮቿ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት በሳሙና አልለቅ ብሏል። አገላብጣ አየቻቸው። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ የበርሜሉን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች፣ በቀዳዳዋ ላይ ጣቷን አድርጋ አነሳች። ስትመለስ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ገጨት አድርጋ አለፈች። ተቆጥታም ይሁን ይቅር ብላኝ እስካሁን አልጠየቅኋትም።

አማቴ ሰዉን ከፈል ከፈል አድርገው መጡና እጃቸውን ዘረጉ። ኮባውን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዞሩት። እጥፉን በጥፍራቸው ተከተሉ፤ የቃጫውን ቋጠሮ ሳብ ሳብ አደረጉ፤ አልላላም። አውራ ጣታቸውን መሀሉ ላይ ተጫኑ፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። እኔ እንደ ሙሽርነቴ ቀን ሻርፔን አስተካክዬ ጠበቅሁ።

«ይህስ አይተነፍስም» አሉ።